ኔሪኔታይድ

ኔሪኔታይድ በስትሮክ ጊዜ የአንጎል የነርቭ ሕዋሳት እንዳይሞቱ ለመከላከል ታስቦ በካናዳ የተሠራ ፔፕታይድ፣ ማለትም አጭር የአሚኖ አሲዶች ሰንሰለት ነው። ቀድሞ ኤንኤ-1 ይባል ነበር። የሐሳቡ አመንጪ የቶሮንቶው የነርቭ ቀዶ ሐኪም ማይክል ቲሚያንስኪ ሲሆኑ፣ ለሙከራ ያበቃውም እርሳቸው ያቋቋሙት ኖኖ የተባለው ኩባንያ ነው። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

አብዛኛው ስትሮክ የሚመጣው የረጋ ደም የአንጎልን የደም ሥር ሲዘጋ ነው። ኦክሲጅን ያጡ ሕዋሳት ግሉታሜት የተባለውን ኬሚካል ከልክ በላይ ይለቃሉ፤ ግሉታሜቱ ኤንኤምዲኤ የሚባሉትን ተቀባዮች ይከፍታል፤ ካልሲየም ወደ ውስጥ ይጎርፋል። ካልሲየሙ በበኩሉ ናይትሪክ ኦክሳይድ የሚያመርተውን ኢንዛይም ይቀሰቅሳል፣ ሕዋሱም ይመረዛል። ቀደምት ተመራማሪዎች ተቀባዩን ራሱን ለመድፈን ሞከሩ። ነገር ግን ተቀባዩ ጤናማ አንጎል ለማሰብና ለመማር የሚጠቀምበት ስለሆነ ሕሙማኑ የአእምሮ መረበሽ ደረሰባቸው፣ ጥረቱም ከሸፈ።

የቲሚያንስኪ ቡድን ሌላ መንገድ አገኘ። ተቀባዩንና ኢንዛይሙን ጎን ለጎን አስሮ የሚይዛቸው ፒኤስዲ-95 የተባለ ፕሮቲን ነው። ተቀባዩ ሥራውን እንዲቀጥል ትቶ ማሰሪያውን ብቻ መፍታት እንደሚቻል ቡድኑ በ1999 በሳይንስ መጽሔት አሳየ። ኔሪኔታይድ የሚሠራው እንዲህ ነው። ከ20 አሚኖ አሲዶቹ 9ኙ የተቀባዩ ጫፍ ግልባጭ ናቸው፤ ፒኤስዲ-95 በእነዚህ ተታልሎ እውነተኛውን ይለቃል። የቀሩት 11 የተቀዱት፣ መልካም ስም ከሌለው ከኤችአይቪ፣ ታት ከሚባለው ፕሮቲኑ ነው። በሽታ አያመጡም፤ ሥራቸው ፔፕታይዱን በሕዋሱ ሽፋን በኩል ማሳለፍ ብቻ ነው።

በአይጥ አንጎል የሠራ መድኃኒት በሰው ላይ ሲወድቅ ማየት በዚህ ዘርፍ የተለመደ ነው፤ በ2006 የወጣ ቅኝት ለስትሮክ የታሰቡ 1,026 ሕክምናዎችን ቆጥሯል። ስለዚህ ቡድኑ ወደ ጦጣዎች ዞረ፣ ጥሩ ውጤቱንም በ2012 ኔቸር ላይ አወጣ። በዚያው ዓመት ኢናክት የተባለው ሙከራ ውጤት ታተመ፦ የአንጎል የደም ሥር እብጠት ከታከመላቸው 185 ሰዎች መካከል መድኃኒቱን ያገኙት በኤምአርአይ የታዩባቸው የጉዳት ነጥቦች ያነሱ ነበሩ።

ወሳኙ ፈተና በ2020 ላንሴት ላይ የታተመው ኢስኬፕ-ኤንኤ1 ነው። በ8 አገሮች የረጋው ደም በቀጭን ቱቦ የወጣላቸው 1,105 ሕሙማን ተሳትፈዋል። በ90ኛው ቀን ራሳቸውን ችለው የሚኖሩት መድኃኒቱን ከወሰዱት 61.4 ከመቶ፣ ካልወሰዱት 59.2 ከመቶ ስለነበሩ ልዩነቱ ከአጋጣሚ አላለፈም። አልቴፕሌዝ የተባለውን የረጋ ደም ማሟሚያ ባልወሰዱት ዘንድ ግን ቁጥሩ 59.3 ለ49.8 ሆነ። ምክንያቱ ኬሚስትሪ ነው፦ አልቴፕሌዝ ፕላስሚን የተባለ ኢንዛይም ያነቃል፤ ፕላስሚን ፕሮቲንን የሚቆርጠው ላይሲንና አርጂኒን ካሉበት ቦታ ነው፤ ከታት 11 አሚኖ አሲዶች ደግሞ 8ቱ እነዚሁ ናቸው። አንዱ መድኃኒት ሌላውን ይበላዋል ማለት ነው።

ማብራሪያው ያማረ ቢሆንም ብቻውን የሚበቃ አይመስልም። ማሟሚያ ያልወሰዱ 850 ሕሙማን ብቻ የተመረጡበት ኢስኬፕ-ኔክስትም ጥቅም አላሳየም። በካናዳ በአምቡላንስ ውስጥ፣ ሕመሙ በጀመረ በ3 ሰዓት ውስጥ መርፌው የተሰጠበት ፍሮንቲየርም በጠቅላላ ተሳታፊዎቹ ላይ ልዩነት አላገኘም፤ ምንም እንኳ በረጋ ደም ስትሮክ የተያዙት ሳይጠቀሙ እንዳልቀሩ ፍንጭ ቢሰጥም። ተመራማሪዎቹ በበኩላቸው የታትን አሚኖ አሲዶች በመስታወት ምስል ተገላቢጦሻቸው በመተካት ፕላስሚን የማይቆርጠው ዝርያ ሠርተዋል።