የአውቶሞቢል መለኪያዎች ታሪክና የዋግ መንገድ

ከሰቆጣ ተነሥቶ ወደ ደሃና ወረዳ ወደ አምደ ወርቅ የሚጓዝ ሰው፥ የሚጓዘው በበቅሎ እንደ ሆነ፥ የእንስሳይቱን ድካም ለማወቅ ምንም ዓይነት መሣሪያ አያስፈልገውም። ላቧ በኮርቻው ሥር ሲወርድ፥ ትንፋሿ ሲፈጥን፥ ዳገቱን ጀምራ እግሯን ስትተክል፥ ባለቤቷ ወርዶ ሊያሳርፋት እንደሚገባ ይረዳል። ጥንት አሞሌ ጨው ጭነው ወደ ሰቆጣ ገበያ ይመላለሱ የነበሩ ነጋድያን በዚህ ዕውቀት ብዙ ተራራና ብዙ ሸለቆ አቋርጠዋል። ብረት ግን እንደ በቅሎ አያልብም፤ ሲጠማው አይጮኽም፤ ሲደክመውም እግሩን አይተክልም። ስለዚህ የሰው ልጅ ለብረት ምላስ ሊሠራለት ግድ ሆነበት። ይህም ምላስ በዳሽቦርድ ላይ የሚታየው፥ ሾፌሮቻችንና መካኒኮቻችን ጌጅ የሚሉት መለኪያ ነው።

ዛሬ ልንነጋገርበት ያሰብነው፥ ይህ የብረት ምላስ እንዴት እንደ ተፈጠረና ወደ አገራችን እንዴት እንደ ገባ፥ እንዲሁም አሮጌ ላንድሮቨር ወይም ላንድክሩዘር የሚያድስ ሰው መለኪያዎቹን በሚለውጥበት ጊዜ ምን ሊጠነቀቅ እንደሚገባው ነው። ጉዳዩ ለአንዳንድ ሰው የጌጥ ጉዳይ መስሎ ሊታየው ይችላል። ነገር ግን መለኪያ ማለት ምስክር ማለት ነው። ምስክር ደግሞ ልብሱ ቢያምር ባያምር ዋጋው በቃሉ እውነተኛነት ነው። ሐሰተኛ ምስክር በዳኛ ፊት ንብረት ያስጠፋል፤ ሐሰተኛ መለኪያም በገደል አፋፍ ላይ ነፍስ ያስጠፋል።

የመለኪያ ታሪክ ከአውቶሞቢል ታሪክ እጅግ ይረዝማል። ከክርስቶስ ልደት በፊት በመጀመሪያው መቶ ዓመት የነበረው ሮማዊው የሕንፃ ሊቅ ቪትሩቪየስ፥ የሠረገላው መንኰራኵር እየዞረ አንድ ማይል በሞላ ቍጥር አንዲት ጠጠር ወደ ነሐስ ዕቃ የምትጥል መሣሪያ በመጽሐፉ ገልጾአል። መንገደኛው ካሰበበት በደረሰ ጊዜ ጠጠሮቹን ቈጥሮ የተጓዘውን ርቀት ያውቃል ማለት ነው። ዛሬ በዳሽቦርድ ላይ ተራ በተራ የሚገለበጡት የኪሎሜትር ቍጥሮች የእነዚያ ጠጠሮች የልጅ ልጆች ናቸው።

ፍጥነትን የሚያሳየው መለኪያ ግን የቅርብ ጊዜ ፍሬ ነው። እ.ኤ.አ. በ1902 ኦቶ ሹልትሰ የተባለ ጀርመናዊ ለፈጠረው የፍጥነት መለኪያ በበርሊን ከተማ የፈጠራ መብት አስመዘገበ። አሠራሩም እንዲህ ነው፤ ከካምቢዮው የሚነሣ ተጣጣፊ ገመድ በመለኪያው ውስጥ ያለውን ማግኔት ያዞራል፤ ማግኔቱም አጠገቡ ያለውን የብረት ጽዋ ሳይነካው በኃይሉ ብቻ አብሮት እንዲዞር ይጐትተዋል፤ ጽዋውን ደግሞ ቀጭን ሞላ ወደ ኋላ ይይዘዋል። ማግኔቱ በፈጠነ መጠን ጽዋው ሞላውን እያሸነፈ መርፌዋን ከፍ ያደርጋታል። በዚህ ቀላል ብልሃት ብዙ አሥር ዓመታት ሙሉ የዓለም አውቶሞቢሎች ፍጥነታቸውን ሲናገሩ ኖረዋል።

ወደ አገራችን ስንመለስ፥ በአጼ ምኒልክ ዘመን በ1900 ዓ.ም. ቤንትሊ የተባለ እንግሊዛዊ ሲድሊ የሚባለውን አውቶሞቢል አዲስ አበባ አደረሰ፤ ንጉሠ ነገሥቱም ተቀምጠውበት ሄዱ። ከዚያ ወዲህ በጠላት ወረራ ዘመን፥ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም.፥ ብዙ የጭነት መኪናዎች ወደ አገር ገቡ። ትሬንታ ኳትሮ የተባለውን የፊያት መኪና ስም ሽማግሌዎች ሁሉ ያውቁታል። ካምቢዮ፥ ፍሪሲዮን፥ ካንዴላ፥ ሞላ እያልን የምንናገራቸው ቃላትም ከጣሊያንኛ የቀሩልን ናቸው። በዚያ ዘመን ከደሴ በአላማጣና በኮረም አድርጎ ወደ መቀሌና ወደ አሥመራ የሚያልፈው ትልቁ መንገድ ሲሠራ፥ ሰቆጣና ደሃና ከመንገዱ ወደ ምዕራብ ርቀው ቀሩ። በ1943 ዓ.ም. የአውራ ጐዳና ባለሥልጣን ከተቋቋመ በኋላም በዋግ ተራሮች ውስጥ የሚሄድ ሰው ብዙ ጊዜ ተስፋው በአራቱም ጎማ የሚጐትት መኪና ነበር።

ከእነዚህም መኪናዎች አንዱ፥ እ.ኤ.አ. በ1948 በአምስተርዳም የአውቶሞቢል ትርኢት ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ለሕዝብ የታየው የእንግሊዝ ላንድሮቨር ነው። ከጦርነቱ በኋላ በእንግሊዝ አገር ብረት እጥረት ስለ ነበረ አካሉ ከአሉሚኒየም ተሠራ። መለኪያዎቹ ደግሞ በሾፌሩ ፊት ሳይሆን በዳሽቦርዱ መካከል ተተከሉ። ይህም የሆነው መሪው በግራም ሆነ በቀኝ ቢገጠም ያው አንድ ሰሌዳ እንዲያገለግል ነው። እ.ኤ.አ. በ1971 የወጣው ሦስተኛው ዓይነት መለኪያዎቹን ወደ ሾፌሩ ፊት እስኪያመጣቸው ድረስ ሥርዓቱ ይኸው ነበር። በአገራችን በ1956 ዓ.ም. ተሽከርካሪ ሁሉ ከመንገዱ ግራ ወደ ቀኝ እንዲዛወር በተደረገ ጊዜ፥ መሪው በየትኛውም ወገን ይሁን፥ የመካከሉ ሰሌዳ ለሾፌሩ እንደ ቀድሞው ይታየው ነበር።

እንግዲህ ከእነዚህ ጥንታውያን መኪናዎች አንዱን የሚያድስ ሰው የመስታወታቸው ዓይን የደበዘዘ፥ መርፌያቸው የደረቀ መለኪያዎች ያገኛል። አዲስ ሊገዛ፥ ከሌላ መኪና ሊነቅል፥ ወይም መልካቸውን እንደ ወደደው ሊያሳምር ይነሣል። ይህን ማድረጉ አይነቀፍም። ነገር ግን አራት ነገሮችን ያስተውል ዘንድ እንለምነዋለን።

አንደኛ፥ የፍጥነት መለኪያውን ይመርምር። የድሮው የእንግሊዝ መለኪያ የሚናገረው በማይል ነው፤ 30 ማይል 48 ኪሎሜትር ያህል ነው። የኪሎሜትር ቍጥር የተጻፈበት ሌላ የፊት ሰሌዳ አምጥቶ በአሮጌው ላይ ቢለጥፍበት፥ የቍጥሮቹ አሰፋፈር ከመርፌዋ አካሄድ ጋር ካልተስማማ መለኪያው ይዋሻል። ቢስማማ እንኳ በውስጡ ያሉት ጥርሶች ርቀቱን መቍጠራቸውን የሚቀጥሉት በማይል ነው። ደግሞም ያ ተጣጣፊ ገመድ የሚቈጥረው የዘንጉን ዙር እንጂ መንገዱን ራሱን አይደለም። ስለዚህ ዙሪያው ከቀድሞው በአሥር እጅ የሚበልጥ ትልቅ ጎማ የገጠመ ሰው፥ መርፌዋ 50 ስትለው እርሱ የሚሄደው በ55 መሆኑን ይወቅ።

ሁለተኛ፥ የነዳጁን መለኪያ ይመርምር። በታንኩ ውስጥ ያለው ተንሳፋፊ ነዳጁ ሲጨምር ከፍ፥ ሲጐድል ዝቅ እያለ በኤሌክትሪኩ መንገድ ላይ የሚደረገውን እንቅፋት ያበዛል ወይም ይቀንሳል። ይሁን እንጂ ፋብሪካዎች ሁሉ አንድ ሥርዓት አልተከተሉም። አንዱ ታንኩ ሲሞላ እንቅፋቱን ሲያበዛ፥ ሌላው ይቀንሰዋል። ስለዚህ የአንዱን ተንሳፋፊ ከሌላው መለኪያ ጋር ያጋባ ሰው፥ ታንኩ ባዶ ሲሆን ሙሉ የሚል ምስክር ያቆማል። በከተማ ውስጥ ይህ ለሣቅ ይሆናል፤ ነዳጅ ማደያ በሌለበት ሸለቆ ውስጥ በሌሊት ግን የሚያሥቅ ነገር የለውም። ከገጠመው በኋላ በጀሪካን እየለካ ጨምሮ መርፌዋ እውነት መናገሯን ይፈትን። ደግሞ የነዳጁና የሙቀቱ መርፌዎች አብረው ያለ ልክ ከፍ ቢሉ፥ ሁለቱንም ነቅሎ ከመጣሉ በፊት ኤሌክትሪኩን ለሁለቱም መጥኖ የሚያካፍለውን ትንሽ መሣሪያ ይመልከት፤ ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የእርሱ ነውና።

ሦስተኛ፥ የባትሪውን መለኪያ ይመርምር። በድሮዎቹ መኪናዎች ያለው አምፔር የሚለካው ዓይነት ነው፤ ወደ ባትሪው የሚሄደው ኃይል ሁሉ በእርሱ ውስጥ ያልፋል። በአሮጌው ዲናሞ ፈንታ ኃይለኛ አዲስ ዲናሞ የገጠመ ሰው አሮጌውን መለኪያ ባለበት ቢተወው፥ ያን ሁሉ ኃይል መሸከም አቅቶት ሊግል፥ ሽቦውንም ሊያቃጥል ይችላል። በዚህ ጊዜ ቮልት የሚለካውን መግጠም ይሻላል። ደኅና ባትሪ ሞተሩ ሳይነሣ 12 ተኩል ቮልት ገደማ፥ ሞተሩ ሲሠራ ደግሞ 14 ቮልት ገደማ ያሳያል። እንዲሁም ጥንታውያኑ የእንግሊዝ መኪናዎች የባትሪውን ፖዘቲቭ ከአካሉ ጋር ያስሩ ስለ ነበረ፥ የኋለኞቹ ደግሞ ኔጌቲቩን ስለሚያስሩ፥ ሳያረጋግጡ ሽቦ ማያያዝ አይገባም።

አራተኛውና ለዋግ ሰው ከሁሉ የሚበልጠው የሙቀት መለኪያ ነው። ከጥንቶቹ ላንድሮቨሮች ብዙዎቹ ይህ መለኪያ አልነበራቸውም፤ ስለዚህ ይህን መጨመር ጌጥ ሳይሆን አስፈላጊ ነገር ነው። ነገር ግን በደጋ አገር አንድ የተሰወረ ምስጢር አለ። ውሃ በባሕር ጠረፍ የሚፈላው በ100 ዲግሪ ነው። ከፍታው በጨመረ መጠን ግን የአየሩ ግፊት ስለሚቀንስ ውሃ ቀድሞ ይፈላል። ሰቆጣ ከባሕር ወለል ከ2,200 ሜትር በላይ ከፍ ያለች ስለ ሆነች፥ በዚያ ውሃ የሚፈላው በ93 ዲግሪ ገደማ ነው። ደኅና የራዲያተር ክዳን እንፋሎቱን አምቆ ይህን መጠን ከፍ ያደርገዋል፤ ላስቲኩ የደረቀ አሮጌ ክዳን ግን አያምቅም። እንግዲያስ በጅቡቲ ወይም በአሰብ መርፌዋ 95 ብትል ሾፌሩ ሳይሠጋ ይሄዳል፤ ክዳኑ ያረጀበት መኪና ግን በሰቆጣ ዳገት በዚያው ቍጥር ላይ ውሃውን አፍልቶ ይጨርሳል።

ይህ ምስጢር በጋራዥም ውስጥ ስሕተት ያመጣል። መካኒኩ አዲሱን የሙቀት መለኪያ ለመፈተን ጫፉን በፈላ ውሃ ውስጥ ይነክረዋል፤ ይህ መልካም ልማድ ነው። ነገር ግን የፈላ ውሃ ሁሉ 100 ዲግሪ ነው ብሎ ያመነ እንደ ሆነ፥ 93 የሚለውን እውነተኛ መለኪያ ሐሰተኛ ነህ ብሎ ይጥለዋል፤ ወይም መርፌዋን ጎትቶ 100 ላይ ይተክላታል። እንዲህ በማድረጉ እውነተኛውን ምስክር በገዛ እጁ ሐሰተኛ አደረገው። በአዲስ አበባም ቢሆን ከተማዋ ከሰቆጣ ከፍ ያለች ናትና ያው ስሕተት ይገኛል። ስለዚህ ፈታኙ የአገሩን ከፍታ ያስብ፥ ወይም የታመነ ቴርሞሜትር አብሮ ይንከር።

ክቡራን አንባብያን፤ እስቲ በሐሳባችሁ አንድ ሌሊት ተመልከቱ። ምጥ የያዛት እናት ከደሃና ቀበሌዎች ከአንዱ ወደ ሰቆጣ ሐኪም ቤት ልትሄድ በአሮጌ መኪና ላይ ተጭናለች። ዳገቱ ረጅም ነው፤ መኪናው በከባድ ማርሽ ያቃስታል። መለኪያው እውነት ቢናገር ሾፌሩ በጊዜ ቆሞ ሞተሩን ያበርዳል፤ የሞቀውንም ክዳን ቸኵሎ አይከፍትም፥ በጋለ ሞተርም ላይ ቀዝቃዛ ውሃ አያፈስም፤ አንዱ ሰውን ያቃጥላል፥ ሁለተኛው ብረቱን ይሰነጥቃልና። ሩብ ሰዓት ወይም ግማሽ ሰዓት ይዘገይ ይሆናል፤ ነገር ግን ይደርሳል። መለኪያው የዋሸ እንደ ሆነ ግን ሾፌሩ ተማምኖ ይነዳል፤ ሞተሩም በዳገቱ መካከል ይቆማል። በዚያን ጊዜ የዳሽቦርዱ ማማር ለዚያች እናት ምን ይጠቅማታል?

የምንጨምረው አንድ ቃል ስለ ርቀት መቍጠሪያው ነው። አሮጌው መኪና የሄደውን የሚናገሩት እነዚያ ቍጥሮች የመኪናው የሕይወት ታሪክ ናቸው። አዲስ መለኪያ ከዜሮ ጀምሮ ሲገጠም ያ ታሪክ ይጠፋል፤ መኪናውም ሲሸጥ ገዢው ይታለላል። ስለዚህ የሚያድሰው ሰው የቀድሞውን ቍጥር፥ ማይል ይሁን ኪሎሜትር፥ ከለወጠበት ቀን ጋር በመዝገብ ይጻፍ፤ አሮጌውንም መለኪያ አይጣለው። አባቶቻችን የሰነዱን ቅጂ ሲጽፉ ዋናውን አላቃጠሉም።

የብረት ምላስ የተፈጠረው ሰው የማይሰማውን እንዲሰማ፥ የማያየውን እንዲያይ ነው። የሮማው ሊቅ ጠጠሮች፥ የጀርመናዊው ሰው ማግኔትና በሰቆጣ ዳገት የሚንቀጠቀጠው የሙቀት መርፌ አንድ አገልግሎት አላቸው፤ ይኸውም ለመንገደኛው እውነቱን መንገር ነው። መኪናችሁን ስታድሱ መልኩን እንደ ወደዳችሁ አሳምሩ፤ ቃሉን ግን አትለውጡበት። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ በዋግ መንገድ ላይ ግን ንጋትን ሳይጠብቁ እውነቱን ገና ከሰቆጣ ሳይነሡ ማወቅ ይሻላል።