የኳስ ተጫዋቾች ካርድ፡- አሰባሰቡና የማወዳደሩ ጣጣ

የ1982 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ 1990) የኢጣሊያ ዓለም ዋንጫ ሊጀመር ሰሞን፣ ሮም ይኖር የነበረው አጎቴ በሰው እጅ አንድ አልበምና በርካታ ትንንሽ ፓኬቶች ላከልኝ፡፡ ከፓኬቶቹ የማወጣቸውን የተጫዋቾች ምስሎች በየቁጥራቸው ስለጥፍ አባቴ ከጀርባዬ ቆሞ ያይ ነበር፡፡ የግብጽ ገጽ ላይ ስንደርስ «እነዚህን እኮ 4 ለ 2 ሸኝተናቸዋል!» አለና፣ ቀጥሎ «የእኛስ ገጽ የታለ?» ሲል ጠየቀኝ፡፡ አገላብጬ ፈለግኩ፡፡ «የለንም አባባ» አልኩት፡፡ ምንም ሳይናገር ሄዶ ቁጭ አለ፡፡

ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ካርድና ስቲከር መሰብሰብ አልተውኩም፡፡ ዛሬ ደግሞ የ11 ዓመቱ ልጄ ተራውን ይዟል፡፡ «ይኼ የልጆች ጨዋታ ምን ቁም ነገር አለው?» ለሚሉኝ የሥራ ባልደረቦቼ በቃል የምነግራቸውን በዚህ ጽሑፍ ላካፍላችሁ፡፡

ከጋዜጣ መሸጫ የተነሳ ሥራ

የተጫዋቾችን ምስል በካርቶን ላይ አትሞ መሸጥ የተጀመረው በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ በእንግሊዝ ነው፡፡ የሲጋራ ኩባንያዎችም በየፓኬቱ ውስጥ ካርድ እየከተቱ ደንበኛ ይስቡበት ነበር፡፡ ሥራውን በዓለም ያስፋፉት ግን በኢጣሊያዋ ሞዴና ከተማ ጋዜጣ ያከፋፍሉ የነበሩት የፓኒኒ ወንድማማቾች ናቸው፡፡ እ.ኤ.አ በ1961 የመጀመሪያውን የኢጣሊያ ሊግ ስብስብ አወጡ፡፡ በቀዳሚው ምስል ላይ የታተመው የኢንተር ሚላኑ ብሩኖ ቦልኪ ነበር፡፡ የመጀመሪያው የዓለም ዋንጫ አልበማቸው ደግሞ ለሜክሲኮ 1970 የተዘጋጀው ነው፡፡ የኢጣሊያ ልጆች ትርፍ ምስላቸውን ሲለዋወጡ «ቼሎ፣ ማንካ» ይባባላሉ፤ «አለኝ፣ ይጎድለኛል» ማለት ነው፡፡

እዚህ ላይ ሁለት ነገሮችን መለየት ያሻል፡፡ ስቲከር አልበም ላይ የሚለጠፍ ሲሆን ግቡ አልበሙን መሙላት ነው፡፡ ካርድ ግን ሳይለጠፍ የሚቀመጥ፣ የሚለዋወጡበት፣ አንዳንዱም የሚጫወቱበት ነው፡፡ እንግሊዝ ውስጥ እ.ኤ.አ በ2007 የወጣው የቶፕስ ኩባንያ «ማች አታክስ» ለምሳሌ በእያንዳንዱ ካርድ ላይ የማጥቃትና የመከላከል ነጥብ ስላለው፣ ልጆች ነጥብ ከነጥብ እያጋጠሙ ይሸናነፉበታል፡፡

የአልበሙ ሒሳብ

ልጅዎ «ጥቂት ነው የቀረኝ» ካለዎት ይጠንቀቁ፡፡ የ2022ቱ የዓለም ዋንጫ አልበም 670 ምስሎች ነበሩት፤ በአንድ ፓኬት የሚገኙት ደግሞ አምስት ናቸው፡፡ ሁሉም ምስል በእኩል ብዛት ታትሟል ብንል፣ ግማሹን ለመሙላት በአማካይ 464 ያህል ምስሎች ይበቃሉ፡፡ ከማንም ሳይለዋወጡ አልበሙን ለመጨረስ ግን 4,700 ገደማ ምስል፣ ማለትም ከ900 በላይ ፓኬት ያስፈልጋል፡፡ ምክንያቱ ቀላል ነው፡፡ መጀመሪያ ላይ የሚያገኙት ሁሉ አዲስ ነው፡፡ አንድ ብቻ ሲጎድል ግን እያንዳንዱ የሚወጣ ምስል የተፈለገው የመሆን ዕድሉ ከ670 አንድ በመሆኑ፣ ያቺን አንዲት ምስል ለማግኘት ብቻ በአማካይ 134 ፓኬት ይጠይቃል፡፡ መፍትሔው መለዋወጥ ነው፡፡ ስለዚህ ገንዘብ ከመጨመርዎ በፊት ለልጅዎ የሚለዋወጥ ጓደኛ ይፈልጉለት፡፡

ማን ይበልጣል?

ወደ ክርክሩ ስንመጣ፣ በካርድ ላይ የተጻፈ የማጥቃት ነጥብ የአዘጋጆቹ ግምት እንጂ የተለካ ነገር አይደለም፡፡ እኔና ልጄ የምንከራከረው በተመዘገበ ቁጥር ነው፡፡ እስከ 2022ቱ ውድድር ድረስ ያለውን የዓለም ዋንጫ መዝገብ እንመልከት፡፡ ጀርመናዊው ክሎዘ በ24 ጨዋታ 16፣ ገርድ ሙለር በ13 ጨዋታ 14፣ ፔሌ በ14 ጨዋታ 12፣ ሜሲ በ26 ጨዋታ 13፣ ፈረንሳዊው ፎንቴን ደግሞ በ6 ጨዋታ 13 ግቦች አስቆጥረዋል፡፡ በጠቅላላ ግብ ክሎዘ አንደኛ ነው፡፡ በጨዋታ አማካይ ግን ፎንቴን በ2.17 ሁሉንም ጥሎ ይሄዳል፤ የክሎዘ 0.67፣ የሜሲ 0.5 ብቻ ነው፡፡

ታዲያ ፎንቴን ከሁሉም ይበልጣል ማለት ነው? አይደለም፡፡ አንደኛ፣ የእሱ ግቦች ሁሉ የተቆጠሩት በአንድ ውድድር፣ በስዊድን 1958 ነው፡፡ በእግር ስብራት ምክንያት በ28 ዓመቱ ኳስ ስላቆመም ማቆልቆሉን የሚያሳይ ዓመት በመዝገቡ ላይ የለም፡፡ ሁለተኛ፣ ዘመኑ ይለያያል፡፡ በ1958 በ35 ጨዋታዎች 126 ግቦች ሲቆጠሩ (በአማካይ 3.6)፣ በ1990 በ52 ጨዋታዎች የተቆጠሩት 115 (2.2) ነበሩ፡፡ ሦስተኛ፣ አማካይ ውጤት የግብ አዳኙን ያሞግሳል እንጂ ኳስ አመቻችቶ የሚያቀብለውን አይቆጥርም፡፡ ስለዚህ ሁለት ካርድ ሲያወዳድሩ ቦታውን፣ ዘመኑንና የጨዋታውን ብዛት አብረው ይመልከቱ፡፡

ዋጋና አያያዝ

ሰብሳቢዎች አብዝተው የሚፈልጉት ተጫዋቹ ስሙ ሳይገን የታተመለትን የመጀመሪያ ካርድ ነው፡፡ በስፔን በ2004/05 የወጣው የሜሲ «ሜጋክራክስ» ካርድ ለዚህ ምሳሌ ነው፡፡ የካርድ ደረጃ መዳቢ ድርጅቶች የምስሉን መሐል መሆን፣ ማዕዘኖቹን፣ ጠርዙንና ገጽታውን አይተው እስከ 10 ነጥብ ይሰጣሉ፡፡ ካርድዎን በፕላስቲክ ልባስ ያስቀምጡ፤ ከፀሐይና ከእርጥበት ያርቁ፤ በላስቲክ አይሰሩት፡፡ ደግሞም ሳያዩ አይግዙ፡፡ እኔ አንድ ጊዜ ከማላውቀው ሻጭ በኢንተርኔት ያዘዝኩት «የድሮ» ካርድ፣ ሲደርሰኝ በኮምፒዩተር የታተመ ኮፒ ሆኖ አግኝቼዋለሁ፡፡

የጎደለው ገጽ

አባቴ ስለ ግብጽ የተናገረው እውነት ነበር፡፡ ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ስታዲየም ኢትዮጵያ ግብጽን (በወቅቱ መጠሪያዋ የተባበረችው ዓረብ ሪፐብሊክን) በተጨማሪ ሰዓት 4 ለ 2 አሸንፋ የአፍሪካን ዋንጫ አንስታለች፡፡ አባቴ ያን ቀን ስታዲየም ነበር፡፡ አምበሉ ሉቺያኖ ቫሳሎና ወንድሙ ኢታሎ አግብተዋል፤ የማሳረጊያዋን ግብ ደግሞ መንግሥቱ ወርቁ አስቆጠረ፡፡ ኢትዮጵያ ግን ለዓለም ዋንጫ አልፋ ስለማታውቅ በዓለም ዋንጫ አልበም ላይ ገጽ ኖሯት አያውቅም፡፡ በእኔ ሳጥን ውስጥም ከእነዚያ ጀግኖች የአንዱም ካርድ የለም፡፡

አባቴ ካረፈ ዓመታት ተቆጥረዋል፡፡ ባለፈው ክረምት ከልጄ ጋር ከጫማ ካርቶን አንድ ካርድ ቆርጠን የመንግሥቱን ምስል ለጠፍንበት፡፡ ከጀርባው «የ1954 የአፍሪካ ዋንጫ፡- 2 ጨዋታ፣ 3 ግብ» ብለን ጻፍን፡፡ የማጥቃት ነጥብ የሚለውን ባዶ ተውነው፡፡ ልጄ በአማካይ 1.5 መሆኑን አስልቶ «ከሜሲ ይበልጣል!» ሲለኝ፣ ሁለት ጨዋታ ለማወዳደሪያ በጣም ትንሽ መሆኑን አስረዳሁት፡፡ አባቴ በነበር ኖሮ ግን በእኔ ሳይሆን በእሱ ሐሳብ እንደሚስማማ አልጠራጠርም፡፡ ካርዱን በ1990ው አልበም ውስጥ፣ ከግብጽ ገጽ ጎን አስቀምጠነዋል፡፡