ስንቅና ቺንጋ፦ ብቻቸውን መንገድ ስለ ወጡ ሴቶች

በየካቲቱ ስብሰባችን ላይ የቀረበው አንድ የብድር ጥያቄ ነበር። ከአባሎቻችን አንዷ ከዚህ ከዋሽንግተን አካባቢ ተነሥታ ሲያትል ልጇ ዘንድ ድረስ፣ ብቻዋን፣ በ1969 በተሠራ የቮልስዋገን ቫን ልትሄድ አስባለች። ቫኑ አልጋና ትንሽ ምድጃ አለው። ገንዘቡን የፈለገችው ለፍሬን፣ ለጎማና ለነዳጅ ቱቦ መቀየሪያ ነው። ቶናው ሳይቀዳ ክርክሩ ጦፈ። «አውሮፕላን ጠፋ ወይ?» ያልን ነበርን። «በዚህ ዕድሜሽ? ለዚያውም ጥቁር ሴት፣ ለብቻሽ፣ በማታውቂው ገጠር?» ያልንም ነበርን። እሷ መልስ አልሰጠችም፤ ደብተሯን አውጥታ በየቀኑ የምታድርበትን ቦታ አሳየችን።

ያን ቀን አልወሰንንም። ሦስታችን ቤተ መጻሕፍት ገብተን ከእሷ በፊት የሄዱትን ሴቶች ፈለግን። ያገኘነውን ለሁላችሁም እናካፍላለን። ዓመቶቹ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

መነሻችን ጀርመናዊቷ ቤርታ ቤንዝ ናት። በነሐሴ 1888 ባሏ ካርል ሳያውቅ የፈጠረውን ባለ ሦስት እግር መኪና አስነሥታ፣ ሁለት ልጆቿን ይዛ ከማንሃይም ወደ ፕፎርዝሃይም፣ እናቷ ዘንድ፣ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ነዳች። ነዳጅ የገዛችው ከመድኃኒት ቤት ነው፤ ያኔ ማደያ የሚባል ነገር አልነበረም። ቱቦው ሲደፈን በባርኔጣ መርፌዋ ከፈተችው፤ የፍሬኑ እንጨት ሲበላ ጫማ ሰፊ ቆዳ እንዲያለብሰው አደረገች። ይህን ብዙ ሰው ያውቀዋል። እኛን የገረመን ግን ሌላው ነው፦ ገና ሳይጋቡ፣ ለጋብቻዋ የተመደበላትን የቤተሰብ ገንዘብ ቀድማ ወስዳ የካርልን ዎርክሾፕ ከኪሳራ ያወጣችው እሷ ነበረች። እንግዲህ መኪናው በብድር ጥያቄ ጀመረ ብንል ብዙም አልተሳሳትንም።

እንግሊዛዊቷ ዶሮቲ ሌቪት ደግሞ በ1909 ለሴት ነጂዎች መጽሐፍ ጽፋለች። ምክሯ የሠለጠነች የቤት እመቤት ምክር ይመስላል። ከወንበሩ ሥር ባለው መሳቢያ ውስጥ ጓንት፣ መሐረብና ቸኮላት ይቀመጥ ትላለች። ትንሽ የእጅ መስተዋትም ያዙ፣ አልፎ አልፎ ከፍ አድርጋችሁ ከኋላ የሚመጣውን እዩበት ትላለች፤ ይህን ስትጽፍ መኪኖች የኋላ ማያ መስተዋት ይዘው አይሸጡም ነበር። ብቻዋን ለምትነዳ ሴት ሽጉጥም ትመክራለች። አባላችን ይህን ስንነግራት ሳቀች፤ መስተዋቱንና ቸኮላቱን እቀበላለሁ አለች።

በዚያው ዓመት በአሜሪካ የ22 ዓመቷ አሊስ ራምዚ ከኒው ዮርክ ሳን ፍራንሲስኮ ገባች። አገሪቱን ከዳር እስከ ዳር በመኪና ያቋረጠች የመጀመሪያዋ ሴት ናት። ከእሷ ጋር ሦስት ሴቶች ነበሩ፤ መንዳት የሚችል ግን ከመካከላቸው አልነበረም። ስለዚህ መሪውን ለ59 ቀናት የያዘችው ብቻዋን ነው። ከ6,000 ኪሎ ሜትር በላይ በሆነው መንገድ ላይ ንጣፍ የነበረው 245 ኪሎ ሜትር ያህሉ ብቻ ነው። አሥራ አንድ ጊዜ ጎማ ቀይራለች፣ ካንዴላ ጠርጋለች፣ የፍሬን ፔዳል ጠግናለች። ራዲያተሩ ሲደርቅ ሴቶቹ ውኃ የቀዱት የጥርስ ብሩሽ ማስቀመጫቸውን ይዘው ወርደው ነው! የያዘችው የመንገድ መምሪያ መጽሐፍ ከሚሲሲፒ ወንዝ ወዲያ አይሠራም ነበር። ከዚያ በኋላ የስልክ እንጨቶችን ተከተለች፤ መንገድ ሲከፈል ብዙ ሽቦ ወደ ተዘረጋበት ታጠፈች፣ ብዙ ሽቦ ያለው ወደ ከተማ ይወስዳልና። የአንድ መኪና ኩባንያ ጉዞውን ከፍሎላታል፤ ማስታወቂያ ነበር። ቢሆንም ጭቃው ውስጥ ገብታ የገፋችው እሷ እንጂ ኩባንያው አይደለም።

እስከዚህ ያነሣናቸው ሁሉ ነጮች ናቸው። በስብሰባችን የተነሣው ፍርሃት ግን የሌላ ነበር፣ ፍርሃቱም ከንቱ አልነበረም። ከ1936 ጀምሮ ቪክተር ግሪን የሚባል የሃርለም ፖስተኛ ጥቁር መንገደኞች የት ማደር፣ የት መብላት፣ የት ነዳጅ መቅዳት እንደሚችሉ የሚዘረዝር መጽሐፍ ያሳትም ነበር። ግሪን ቡክ ይባላል። ሆቴል አልጋ እያለው «የለም» በሚልበት፣ ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ጥቁር መታየት የማይፈቀድባቸው ከተሞች በነበሩበት አገር፣ ማደሪያን አስቀድሞ መጻፍ የፈሪ ሥራ አልነበረም፤ በሕይወት የመመለስ ጉዳይ ነበር። በእነዚያ ዓመታት ቤሲ ስትሪንግፊልድ የምትባል ጥቁር ሴት በሞተር ብስክሌት ብቻዋን አሜሪካን ትዞር ነበር። ራሷ እንደ ተናገረችው፣ ሳንቲም ካርታ ላይ ትወረውርና ወዳረፈበት ትሄዳለች። ስታድር ግን ጥቁር ቤተሰብ ይቀበላታል፣ ካጣች በነዳጅ ማደያ ሞተሯ ላይ ጃኬቷን ተንተርሳ ትተኛለች። የአባላችንን ደብተር እንደገና ስናየው የጻፈችው ምን እንደ ሆነ የገባን ያን ጊዜ ነው። ግማሹ ማደሪያዋ የሐበሻ ቤት ነው፦ ኮለምበስ፣ ቺካጎ፣ ሚኒያፖሊስ። ከዚያ ወዲያ የመንግሥት ፓርኮች አሉ።

ወደ አገራችን ብቻዋን የመጣችም አለች። አየርላንዳዊቷ ደርቭላ መርፊ በ1966 መጨረሻ ምፅዋ ወርዳ በእግሯ ጉዞ ጀመረች። መቀሌ ላይ ልዕልት አይዳ ደስታ በቅሎ እንድታገኝ ረድተዋታል። በስሜንና በላሊበላ በኩል ዞራ አዲስ አበባ ገባች፤ በመንገድ ሽፍታም ዘርፏታል። ስለ ጉዞው የጻፈችውን ያነበብን ሰዎች የታዘብነው፣ ያኖሯት በየመንደሩ ቤታቸውን የከፈቱላት የገጠር ሰዎች መሆናቸውን ነው። ለመንገደኛ ምን እንደሚያስፈልግ እናቶቻችንን የሚያስተምር አልነበረም፤ በሶውን፣ ዳቦ ቆሎውን፣ ድርቆሹን ያዘጋጁ የነበሩት እነሱ ናቸው።

ስለ ቫኑ ደግሞ ትንሽ እንበል። ሐሳቡ የመጣው በ1947 ቤን ፖን የተባለ ሆላንዳዊ የመኪና ነጋዴ ማስታወሻው ላይ ከሣለው ሥዕል ነው፤ ማምረት የተጀመረው በ1950፣ ቬስትፋሊያ የሚባለው ፋብሪካ የመኝታ ዕቃ የገጠመለት በ1951 ነው። የ1969ኙ ሞተር ከኋላ ነው፣ የሚቀዘቅዘውም በውኃ ሳይሆን በነፋስ ነው። ማራገቢያውን የሚያዞረው አንድ ቺንጋ ነው፤ እሱ ከተበጠሰ ቀይ መብራት ይበራል፣ ነጂዋም ወዲያው ካልቆመች ሞተሩ በደቂቃዎች ይቃጠላል። ያረጀ የነዳጅ ቱቦ በጋለ ሞተር ላይ ከፈሰሰ እሳት ይነሣል፤ ብዙ አሮጌ ቮልስዋገኖች ያለቁት በዚህ ነው። በብድር ማመልከቻው ላይ «ቱቦ» የሚለውን ቃል አይተን ትንሽ ነገር መስሎን ነበር። በ1969 ጆን ሚዩር የሚባል መካኒክ ስለ መኪና ምንም የማያውቅ ሰው ቮልስዋገኑን ራሱ እንዲጠግን የሚያስተምር መጽሐፍ አሳትሞ ነበር። አባላችን አንድ አሮጌ ቅጂ አላት፤ ገጾቹ ላይ የማን እንደ ሆነ የማይታወቅ የዘይት ጣት አሻራ አለ። ቫልቭ ማስተካከል ከእሱ ተምራለች።

በመጋቢት ስብሰባ ብድሩ ጸደቀ፤ ሁለት አባላት አልተስማሙም፣ ምክንያታቸውም በቃለ ጉባኤ ተጽፏል። የብድሩ ወለድና የመክፈያ ጊዜ እንደማንኛውም አባል ነው። ከብድሩ ውጭ ሁለት ነገር ጠየቅናት፦ የማደሪያዎቿን ዝርዝር በወረቀት ለጸሐፊያችን እንድትሰጥ፣ በየምሽቱም እንድትደውል። እሺ ብላለች። አንዷ እምቢ ካሉት አባላት ባለፈው እሑድ ሁለት ኪሎ በሶ አስፈጭታ አመጣችላት። በሶው አሁን ከሁለት ትርፍ ቺንጋዎች፣ ከእሳት ማጥፊያውና ከክሪኩ ጋር ከአልጋው ሥር ተቀምጧል። የምትነሣው በግንቦት መጨረሻ ነው።