የእንቅርት ታሪክ፣ የጨው ታሪክ



«እንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ» የሚለው ተረት በሽታው የቱን ያህል የተለመደ እንደነበር ይመሰክራል። ጉቴና ነቀምትን በመሰሉ ዝናማ የወለጋ አገሮች ጎርፍ ለዘመናት አዮዲኑን ከአፈሩ አጥቧል። አዮዲን ሲያንስ የታይሮይድ ሆርሞን ይጎድላል፤ ከአንጎል ሥር ያለችው ፒቱታሪ ዕጢ ጉድለቱን ለማካካስ ታይሮይድን አብዝታ ትቀሰቅሳለች፤ አንገትም ያብጣል። እብጠቱ እንግዲህ እርግማን ሳይሆን የሰውነት ጥረት ነው። የከፋው ጉዳት ግን ከዓይን የተሰወረ ነው፤ በማኅፀን ያለውን ሕፃን አእምሮ ይጎዳል።

መከላከያው ጨው ነው። አሞሌ ከአፋር እስከ ወለጋ ገበያ እንደ ገንዘብ አገልግሏል፤ በቂ አዮዲን ግን አልነበረውም። በ1990 ዓ.ም. የተጀመረው ጦርነት የኤርትራን ጨው ሲያቋርጥ፣ ገበያው አዮዲን ወዳልተጨመረበት የአፍዴራ ጨው ዞረ። በ2003 ዓ.ም. አዮዲን መጨመር በደንብ ግዴታ ሆነ። በዚያው ዓመት በተካሄደው አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት፣ ጨዋቸው ከተመረመረ ቤቶች አዮዲን የተገኘባቸው 15 በመቶ ገደማ ነበሩ፤ በ2008 ዓ.ም. 89 በመቶ ገደማ ደረሱ።

ስለዚህ የዕጢን ታሪክ የሚጽፍ ሰው ከሐኪም መዝገብ ሌላ የሲራራ ነጋዴን መንገድና የድንበርን ፖለቲካ ማንበብ ይኖርበታል።