የግል ትምህርት ቤት መምህራን የሥራ መብት

የግል ትምህርት ቤት መምህር፣ በሁሩታም ሆነ በአዳማ፣ የሚዳኘው በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ነው፤ የመንግሥት መምህር ግን በመንግሥት ሠራተኞች ሕግ ይተዳደራል። የሕንድም ሆነ የሌላ አገር ዜጋ የሆነ የእንግሊዝኛ መምህር ደግሞ ከዚህ በተጨማሪ የሥራ ፈቃድ ያስፈልገዋል፤ ፈቃዱ ለሦስት ዓመት ተሰጥቶ በየዓመቱ ይታደሳል።

በግል ትምህርት ቤቶችና በመምህራኖቻቸው መካከል ያለው ክርክር እምብርት የክረምቱ ደመወዝ ነው። አንዳንድ ትምህርት ቤቶች መምህሩን ከመስከረም እስከ ሰኔ 30 ያስፈርሙና በሐምሌና ነሐሴ ደመወዝ ያቋርጣሉ፤ መስከረም ሲጠባ ዳግም አዲስ ውል ያቀርቡለታል። አዋጁ ግን የሥራ ውል በመርህ ደረጃ ላልተወሰነ ጊዜ እንደተደረገ ይገምታል፤ ለተወሰነ ጊዜ መዋዋል የሚቻለው ሕጉ በዘረዘራቸው ሁኔታዎች ብቻ ነው። በየዓመቱ ሳይቋረጥ የሚሰጥ ትምህርት ጊዜያዊ ሥራ ነው ብሎ መከራከር፣ በዚህ ጸሐፊ እምነት፣ አያስኬድም።

ከክረምቱ ደመወዝ ባሻገር፣ በአዋጁ መሠረት የሙከራ ጊዜ ከ60 የሥራ ቀን አይበልጥም። የወሊድ ፈቃድ 120 ቀን ነው። የጽሑፍ ውል አለመኖሩ መብትን አያስቀርም።

ከሕግ ውጭ የተሰናበተ መምህር ወደ ሥራው ለመመለስ በ3 ወር ውስጥ፣ ያልተከፈለ ደመወዝ ለመጠየቅ በ6 ወር ውስጥ ክስ ማቅረብ አለበት። ብዙዎች መብታቸውን የሚያጡት ማስረጃ ጎድሏቸው ሳይሆን ይህ ጊዜ በሽምግልና ተስፋ ሲያልፍባቸው ነው። ስለዚህ የስንብት ደብዳቤ የደረሰው መምህር ቀኑን ይያዝ፣ ደብዳቤውንና የባንክ መግለጫውን ያስቀምጥ፣ ሳይዘገይም ወደ ሥራ ክርክር ችሎት ይሂድ።