ታንኳ፦ ከጭነት ወደ ሽርሽር

የዘጌ ቡና የጣናን ሐይቅ ተሻግሮ ባሕር ዳር ገበያ ይደርስ የነበረው በታንኳ ነው። ማገዶው፣ ከሰሉ፣ እህሉና ዓሣው፣ ወደ ደሴት ገዳማት የሚሻገረው መነኩሴም ሳይቀር መንገዱ ያው ነበር።

ለታንኳ ደንገል ከሐይቁ ዳር ይታጨዳል፣ ፀሐይ ላይ ይደርቃል፣ ነዶ ነዶው እየተደረገ በልጥ ይጠፈራል፤ አፍንጫውም ወደ ላይ ይቀለበሳል። ከውስጥ ሌላ የደንገል ንጣፍ ስለሚደረብበት፣ የታችኛው ውሃ ቢጠጣም ጭነቱ አይርስም። ከጉዞ ሲመለስ ዳር ወጥቶ እንዲደርቅ ይደረጋል። ያም ሆኖ ዕድሜው የወራት ነው፤ አሮጌው ይጣልና አዲስ ይሠራል።

የሙያው ባለቤቶች ነገደ ወይጦ ናቸው። ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ በ18ኛው ክፍለ ዘመን ስለ እነርሱ ጽፏል። ጉማሬ አድነው ይበሉ ስለነበር ጎረቤቶቻቸው ለዘመናት ተጸይፈዋቸዋል፤ በሠሩት ታንኳ ግን ሁሉም ተሻግሯል። ይህ በደል በጣና ታሪክ ውስጥ በግልጽ ሊነገር ይገባል።

ዐፄ ቴዎድሮስም መርከብ ሲመኙ የጀመሩት ከዚሁ ደንገል ነው። በ1858 ዓ.ም. ግድም ሁለት ትላልቅ የደንገል ጀልባዎች አሠርተው፣ የእንጨት ወለል አስነጥፈው፣ በእጅ የሚዞር መንኮራኩር እንዳስገጠሙባቸው እስረኛቸው የነበረው ሐኪም ሄንሪ ብላንክ ጽፏል። ሙከራው እንዳሰቡት አልሆነም። ከመቶ ዓመት በኋላ፣ በ1961 ዓ.ም.፣ ኖርዌጂያዊው አሳሽ ቶር ሄየርዳል «ራ» የተባለችውን ጀልባ ያሠራው ከጣና ባስጫነው ደንገል ነበር። የቻድ ሐይቅ ጀልባ ሠሪዎች በጊዛ ፒራሚዶች ሥር ሠሯት፤ ከሞሮኮ ተነሥታም አትላንቲክን ልትጨርስ ጥቂት ሲቀራት በማዕበል ተጎድታ ቀረች። ደንገላችን ያን ያህል በውቅያኖስ ላይ መጓዙን ስንቶቻችን እናውቃለን?

በ1970ዎቹ መገባደጃ የሞተር ጀልባና የናይለን መረብ ለጣና ዓሣ አስጋሪዎች ሲመጣ የታንኳ ሥራ እየጠበበ ሄደ። ዛሬም እንጨትና ዓሣ የሚጭኑ አሉ። ጎብኚ ግን ለሽርሽር ይሳፈርበታል፣ ፎቶ ይነሣበታል፤ ጠፋሪዎቹም ትናንሽ ታንኳዎች እየሠሩ ለመታሰቢያ ይሸጣሉ። «ጥርን በባሕር ዳር» በሚባለው የበዓል ሰሞን ደግሞ የቀዘፋ ውድድር አለ።

በዚህ ለውጥ የሚያዝኑ አሉ፤ እኔ አላዝንበትም። የእንጨት ጀልባ ታድሶ ሙዚየም ሊቀመጥ ይችላል። ታንኳ ግን በወራት ውስጥ ስለሚበሰብስ፣ የሚቀመጠው በጠፋሪው እጅ ላይ ብቻ ነው፤ ሠሪ ካጣ በአንድ ትውልድ ይረሳል። ጭነቱ ሲቀንስ ሙያውን የሚያቆየው ሽርሽሩ ከሆነ፣ ይሁን። የሚያሰጋኝ የደንገሉ መመናመን ነው፤ ዳርቻው ለእርሻ እየታረሰ፣ ከ2004 ዓ.ም. ወዲህም እምቦጭ የተባለው አረም ውሃውን እየወረረ ነው።

ለበዓል ባሕር ዳር የምትወርዱ ወገኖች፣ ታንኳ ስትሳፈሩ ሳትከራከሩ ክፈሉ፤ የሠራውን ሰው ስሙን ጠይቁት፣ ለልጆቻችሁም ማን እንደሠራው ንገሯቸው።