የቦታ ስም ምስክርነት

በየጽሕፈት ቤቱ የምትሠሩ ኹሉ በየቀኑ የቦታ ስም ትጽፋላችሁ። ስሙ በደብዳቤ ራስጌና በመዝገብ ላይ ሲሰፍር ተራ ነገር ይመስላል፤ ለታሪክ መርማሪ ግን በድንጋይ ላይ ከተቀረጸ ጽሕፈት የማያንስ ምስክር ነው።

ለምሳሌ በጃን አሞራ ወረዳ ያለችውን መካነ ብርሃንን እንውሰድ። ከተማይቱ የምትገኝበት ደጋ አገር ሰሜን ይባላል። ብዙ ሰው ይህ ስም አገሩ በስተሰሜን በመሆኑ የተሰጠ ይመስለዋል። ነገር ግን ኮስማስ የተባለው ነጋዴ በ6ኛው ምዕተ ዓመት በአዱሊስ የገለበጠው የጽርዕ ጽሑፍ፥ አንድ የአክሱም ንጉሥ ከናይል ማዶ በረዶ በሸፈናቸው ተራሮች የሚኖሩትን የሰሜን ሰዎች ድል እንዳደረገ ይናገራል። በዚህ ስፍራ ናይል የተባለው ተከዜ እንደ ሆነ ሊቃውንት ይተረጕማሉ። በአክሱም ለቆመ ሰው እነዚህ ተራሮች በስተደቡብ ምዕራብ ናቸው እንጂ በስተሰሜን አይደሉም። የቋንቋ ሊቃውንትም በጥንቱ ግእዝ ሰሜን የሚለው ቃል ደቡብን ያመለክት እንደ ነበረ ገልጸዋል። እንግዲህ የስም ትርጕም የሚታወቀው ተናጋሪው በየት ስፍራና በየትኛው ዘመን እንደ ቆመ ሲታወቅ ነው።

በዘመናችን ይህን የመሰለውን ጥያቄ በኮምፒዩተር መመርመር ተችሏል። ዘዴው ኦንቶሎጂ ይባላል፤ ይኸውም የነገሮችን ዓይነትና ዝምድና አጥርቶ የሚደነግግ የዕውቀት ሥርዓት ነው። ተራራ፥ ወንዝ፥ ወረዳ፥ ቤተ ክርስቲያንና ጭፍራ በየዓይነታቸው ይመዘገባሉ፤ «በውስጡ ይገኛል»፥ «በስሙ ተሰየመ»፥ «ይቀድማል» የሚሉት ዝምድናዎችም ይጻፋሉ። መካነ ብርሃን በጃን አሞራ፥ ጃን አሞራም በሰሜን ውስጥ እንዳሉ ከተመዘገበ፥ ኮምፒዩተሩ መካነ ብርሃን በሰሜን ውስጥ መሆኗን ማንም ሳይነግረው ይደመድማል።

እርስ በርሱ የሚጋጭ ነገር ሲያገኝም ያስታውቃል። አንድ የብራና ጽሑፍ ደብረ ብርሃንን ቢያነሣ፥ ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ (1434–1468) በሸዋ የቈረቈሩት ከተማ ነውን? ወይስ ዐፄ ኢያሱ ቀዳማዊ (1682–1706) በጎንደር ያሠሩት ደብረ ብርሃን ሥላሴ? ጽሑፉ በ1500 የተጻፈ መሆኑ ከታወቀ የጎንደሩ ይወድቃል፤ ገና ያልተሠራ ቤተ ክርስቲያን አይጠቀስምና። እነዚህ ዓመታት በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

የጃን አሞራ ነገር ደግሞ ከዚህ ይረቃል። በ15ኛው ምዕተ ዓመት ዜና መዋዕል ጃን አሞራ የንጉሥ ጭፍራ ስም ነው፤ «ጃን» የሚለውም ቃል በጃንሆይና በጃን ሜዳ እንደምናውቀው ለንግሥና የሚነገር ነው። ጭፍራ በታዘዘበት ይዘምታል፤ ወረዳ ግን ከስፍራው አይነቃነቅም። ስለዚህ ስማቸው አንድ ስለ ሆነ ብቻ ጭፍራውንና ወረዳውን አንድ አድርጎ መመዝገብ ስሕተት ነው። የሚገባው ኹለቱን ለይቶ ጽፎ በመካከላቸው የስያሜ ዝምድና መኖር አለመኖሩን በማስረጃ መመርመር ነው።

በሐምቡርግ ዩኒቨርሲቲ በ2016 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር የተጀመረው «ቤተ መጻሕፍት» የተባለው ሥራ፥ የኢትዮጵያንና የኤርትራን ብራናዎች ሲዘረዝር ለሚጠቀሱት ቦታዎች ለእያንዳንዳቸው መለያ ቍጥር ይሰጣል። ስሙ በልዩ ልዩ አጻጻፍ ቢመጣም መለያው አንድ ይሆናል፤ አንድ ስም ያላቸው ኹለት ቦታዎችም አይደባለቁም።

ነገር ግን ኮምፒዩተር ካልተጻፈለት ነገር ተነሥቶ አይፈርድም። ሰሜን ማለት ደቡብ የነበረበት ዘመን እንዳለ ካልተነገረው፥ የአክሱምን ጽሑፍ ይዞ ተራራውን በተሳሳተ አቅጣጫ ይፈልጋል። ስለዚህ፥ አንባቢያን ሆይ፥ የሥራው መጀመሪያ በእናንተ እጅ ነው። የአገሩ ሰው እንደሚጠራው ጻፉ፤ ስሙ ሲለወጥም የቀድሞውን ከነዘመኑ በመዝገቡ አቈዩት። የተፋቀ ስም ቃሉን ሳይሰጥ እንደ ሞተ ምስክር ነው፤ ከዚያ በኋላ የሚጠይቀው ዳኛም ሆነ ኮምፒዩተር መልስ አያገኝም።